በሎውሪ ሐይቅ ቦታ ይዘው የቆሙት ሴት

የምስክር ቃል

የምስክሯ ስም፦ ግሌንዳ ኤክስትሮም
ዕድሜ፦ 61
ሥራ፦ ጡረተኛ፤ ቀድሞ በጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ
አድራሻ፦ ሳላይና ከተማ፣ ካንሳስ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 21 ቀን 2019
ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ በፓርኩ የምሥራቅ በር የጥበቃ ጽሕፈት ቤት፣ ዋዮሚንግ
ቃሉን የተቀበሉት፦ መርማሪ ዴል ኦክስነር

እኔ ስሜ ከላይ የተገለጸው ምስክር ይህን ቃል የምሰጠው በራሴ ፈቃድ ነው። ጉዳዩ ባለቤቴን ሬይፎርድ ኤክስትሮምን የሚመለከት በመሆኑ በእሱ ላይ እንድመሰክር ሕግ እንደማያስገድደኝ መርማሪው ከመጀመሬ በፊት አስረድተውኛል። ገብቶኛል ብዬ መልሻለሁ። ዛሬ ጠዋት በሐይቁ የመኪና ማቆሚያ ለደረሱት የፓርክ ጠባቂ የሰጠሁት ቃል እውነት አልነበረም። እውነቱ የሚከተለው ነው።

ከባለቤቴ ጋር ከሳላይና የተነሳነው በዚህ ወር መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤቶች ከተከፈቱ በኋላ ነው። ሬይ ይህን ጉዞ ቃል የገባልኝ ልጃችን ገና ሲድህ ነበር። የጋራዥ በር የሚገጥምበት ሱቅ ስለነበረው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሰው ሁሉ ለእረፍት በሚወጣበት ጊዜ እሱ ሥራ ይበዛበታል። «ለሚቀጥለው ዓመት» ሲለኝ ልጃችን አደገ፣ አገባ፣ ዊቺታ ከተማ ገባ። ዘንድሮ ሱቁን ሸጠና በዚያው ሰሞን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ካርታ ለጠፈ። ሰው ልጆቹን ይዞ ወደ ቤቱ ሲገባ እኛ እንወጣለን፤ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ተራራውን ለብቻችን እናየዋለን አለኝ። እኔም አምኜው ነበር። በአገሩ ያለ ጡረተኛ ሁሉ ይህንኑ እንዳሰበ ያወቅነው ከደረስን በኋላ ነው።

በመጀመሪያው ፓርክ፣ ኮሎራዶ ውስጥ፣ የመኪናው ሰልፍ ከበሩ ተነስቶ እስከ ከተማው ወርዶ ነበር። አመሻሽ ላይ ወንዱ አጋዘን ሴቶቹን ለመጥራት ከሚጮኽበት ሜዳ ዳር ደረስን። መኪኖች መንገዱን ግራና ቀኝ ይዘዋል፤ ሰው ወንበሩን ዘርግቶ፣ ልጁን ትከሻው ላይ አውጥቶ፣ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ከፊታችን ያለው መኪና ፎቶ ለማንሳት መሀል መንገድ ላይ ሲቆም ሬይ ክላክስ ነፋ። አንዴ ነክቶ አልተወውም፤ እጁን ጭኖ አቆየው። አጋዘኑ ደንግጦ ጫካ ገባ። ሕፃን ያዘለ አንድ ወጣት ወደ መስኮታችን መጥቶ፣ «አባት፣ እዚህ የመጣነው እኮ እሱን ለመስማት ነው» አለው። ሬይ «እኔ ደግሞ መንገዱ ላይ ለመሄድ ነው የመጣሁት» አለና መስኮቱን ዘጋበት። ያን ጊዜ ሳቄ መጣ። ለእህቴ ደውዬም እንደ ቀልድ ነገርኳት።

ዩታ የሚገኘው ቀይ ድንጋይ ያለበት ፓርክ ደግሞ ጭራሽ በሩ ተዘግቶ ጠበቀን። ሞልቷል፣ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ የሚል ሰሌዳ ቆሟል። በሩ ላይ የነበረችው ወጣት ጠባቂ በትሕትና ብታስረዳውም ሬይ፣ «ለዚህ ፓርክ ዕድሜ ልኬን ግብር ከፍያለሁ፤ አንቺ ሳትወለጂ ጀምሬ» አላት። ልጅቷ ከኋላችን የተሰለፈውን መኪና በእጇ አሳይታው «እነሱም ከፍለዋል፣ ጌታዬ» አለችው። ከሰዓት ተመልሰን ገባን። ሰዉ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ስለነበረ ሬይ ከመኪና አልወርድም አለ፤ በመስኮት እያየን ዞረን ወጣን። ሞቴሉ ሁሉ ተይዞ ስለነበር ከአንድ ነዳጅ ማደያ ጀርባ መኪና ውስጥ አደርን።

በጉዞው ላይ የባለቤቴ ጠባይ ተለውጦ እንደሆነ በመርማሪው ተጠይቄአለሁ። አልተለወጠም። ቤታችን ሰፊ ነው፤ ሲቆጣ እኔ ወደ ጓዳ እሄዳለሁ፣ እሱ ወደ ጋራዡ ይሄዳል፣ ያልፋል። መኪና ውስጥ የሚሄዱበት ሌላ ክፍል የለም። የሌላ ክፍለ ግዛት ታርጋ ባየ ቁጥር «ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ኦሪገን» እያለ እንደ ስድብ ጮክ ብሎ ያነበው ነበር። አንድ ቀን «የኛስ ታርጋ የካንሳስ አይደለም እንዴ?» አልኩት። እስከ ማታ አላናገረኝም።

ወደዚህ ፓርክ የደረስነው ከትናንት በስቲያ ነው። ሬይ ከሁሉ በላይ ማየት የሚፈልገው ሎውሪ ሐይቅን ነበር። የበር ማጠፊያ የሚያቀርብለት ድርጅት በየዓመቱ ከሚሰጠው የግድግዳ የቀን መቁጠሪያ ላይ የሐይቁ ፎቶ ነበረበት። ዓመቱ ካለፈ በኋላም ፎቶውን ቆርጦ ሱቁ ውስጥ ሰቅሎት ኖረ። ውሃው ላይ ተራራው ተገልብጦ የሚታይበት ነው። እዚያ ቆሞ ፎቶ መነሳት ይፈልግ ነበር። በደረስን ዕለት ሄድን፣ ማቆሚያው ሞልቶ ጠባቂዎቹ በእጃቸው እለፉ አሉን። ትናንትም እንደዚያው። ትናንት ከሐይቁ ስንመለስ፣ «ይቅርብን ሬይ፤ ነገ አንድ ጸጥ ያለ መንገድ ዳር ቆመን ሳንድዊቻችንን በልተን እንሂድ» አልኩት። «ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቄ ለመንገድ ዳር ሳንድዊች ነው?» አለኝ። የነገው ቀን ወደ ቤታችን የምንመለስበት ስለሆነ ያለን ዛሬ ብቻ ነበር።

ዛሬ ፀሐይዋ የተራራውን ጫፍ ብቻ ይዛ ሳለች ሐይቁ ደረስን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ይሆናል። ማቆሚያው በዚያን ሰዓት ሞልቶ ነበር። እንደ ሌሎቹ መኪኖች እኛም ዙሪያውን መዞር ጀመርን። አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ሊወጡ ሲዘጋጁ አይተን ፍሬቻ አብርተን ቆምን። እነሱ ወጥተው ሬይ ማርሽ እስኪያስገባ ድረስ፣ ወጣቶች የያዙ አንዲት ትንሽ መኪና ከወዲያ በኩል መጥታ ገባችበት። አንደኛው ልጅ ሲወርድ «ሽማግሌው ተኝተው ነው እንዴ?» ሲል ሰምተነዋል። ሌሎቹ ሳቁ።  የሬይ አንገት ቀልቶ ነበር።

ሰዓቱን በትክክል ባላስታውስም ፀሐይዋ ውሃው ላይ ከደረሰች በኋላ፣ ከሐይቁ ጋር በሚዋሰነው ረድፍ፣ በአንድ ትልቅ የመኝታ መኪናና በጥድ ዛፍ መካከል ክፍት ቦታ አየን። ቦታው መሀል ላይ አንዲት አሮጊት ቆመዋል። አጭር ናቸው፣ ሐምራዊ ጃኬት ለብሰዋል፣ ሁለት እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተዋል። ስማቸው ወ/ሮ ኮንሱዌሎ ባራጃስ መሆኑን፣ የመጡትም ከፑዌብሎ፣ ኮሎራዶ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሬይ መኪናውን ፊት ለፊታቸው አቁሞ መስኮቱን ዝቅ አደረገና «ሴትዮ፣ ዞር በይ» አላቸው።

«ወንድሜ፣ ልጄ እየዞረች ነው። አሁን ትደርሳለች» አሉት።

«ይሄ የመኪና ቦታ እንጂ የሰው ቦታ አይደለም።»

«እኔም እኮ አሮጌ መኪና ነኝ» አሉት እየሳቁ። «ልነሳ ብልም ቶሎ አልነሳም።»

እኔ ሳቅሁ። ሬይ ዞሮ አየኝ። መሳቄ ነገሩን አባብሶት እንደሆነ አላውቅም፤ መርማሪው ግን ያየሁትን ሁሉ እንድናገር ስለጠየቁኝ ይህንንም ተናግሬአለሁ። ከኋላችን የተሰለፉት መኪኖች ክላክስ መንፋት ጀመሩ። አንድ ሰው «ወይ ግቡ ወይ እለፉ» ብሎ ጮኸ።

«ሬይ፣ ተው እንሂድ፤ ሌላ እናገኛለን» አልኩት።

«የት?» አለኝ። ቀጥሎም በዝግታ፣ ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው፣ «ስጠጋት ትነሳለች። ሰው መኪና ሲመጣበት ይነሳል» አለ። ቃሉ ይህ ነው፤ አልጨመርኩበትም።

መኪናችን አውቶማቲክ ነው። እግሩን ከፍሬኑ ላይ ቀስ እያለ ሲያነሳው መኪናው ሳብ ሳብ እያለ ሄዶ ጉልበታቸውን ነካ። ወ/ሮ ኮንሱዌሎ ሁለት መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉ። ያን ጊዜም ይስቁ ነበር፤ ቀልድ መስሏቸዋል። ሬይ ወደ እኔ ዞሮ «አየሽ፣ አሁን ትነሳለች» አለኝ። ያን ሲል መኪናው ቆሞ ነበር። ከዚያ ነዳጁን ረገጠው። ረገጣው ትንሽ ናት፤ ሰው በር በትከሻው ገፋ እንደሚያደርገው ያለች። እሳቸው ግን ከመርገጡ በፊት በመኪናው የፊት መስታወት በኩል ፊቱን አይተውት ነበር። ሳቃቸው ሲጠፋ አይቻለሁ። ወደ ጎን ሊያመልጡ አንድ እግራቸውን አንስተው ሳለ ወደ ኋላቸው ወደቁ፤ የራሳቸው ጀርባ ጎማ እንዲያቆም የተተከለው ሲሚንቶ ላይ አረፈ። ድምፁ መስኮቱ ክፍት ስለነበረ ተሰምቶኛል።

መርማሪው እዚህ ላይ በመጀመሪያ «መኪናው ገፋቸው» ብለው ጽፈው ነበር። መኪናው ብቻውን አልሄደም፤ «ባለቤቴ ገፋቸው» ተብሎ እንዲስተካከል ጠይቄ ተስተካክሏል።

ሬይ መኪናውን አቆመና «ራሷ ናት የወደቀችው» አለ። እኔ ወርጄ ሮጥኩ። ጃኬቴን አውልቄ ከራሳቸው ሥር አደረግሁ። ከጆሯቸው ደም ይወርድ ነበር። ዓይናቸው ክፍት ነው፤ እጄን ይዘው «እየዞረች ነው፣ አሁን ትደርሳለች» አሉኝ። ሁለት ጊዜ አሉኝ። ለሽርሽር የመጣች አንዲት ነርስ ከሰው መሀል ወጥታ ማንም እንዳያነሳቸው አደረገች። ሌላው ሰው ስልኩን አውጥቶ ይቀርጽ ነበር። ልጃቸው መኪናዋን በሩ እንደተከፈተ መሀል መንገድ ላይ ትታ እየሮጠች ስትመጣ ያየኋት ያን ጊዜ ነው። ስሟ ይቬት ይባላል፤ አርባ ዓመት አካባቢ ይሆናታል።

አምቡላንሱ ለመግባት ብዙ ተቸገረ። ሄሊኮፕተር እዚያው እንዲያርፍ ተብሎ ጠባቂዎቹ ሰዉ መኪናውን እንዲያወጣ እየዞሩ ለመኑ። አንዳንዱ ወጣ። ከአጠገባችን የነበረ አንድ ሰው ግን በሩን ቆልፎ ቆሞ «ብወጣ ቦታዬን ማን ይመልስልኛል?» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ስለዚህ በአምቡላንስ እስከ ክሊኒኩ ተወስደው ሄሊኮፕተሩ ከዚያ እንዲያነሳቸው ተደረገ። አምቡላንሱ ወጥቶ ጠባቂዎቹ ቦታውን ለመከለል ገመድ እያወጡ ሳሉ፣ አንድ ነጭ መኪና መጥቶ ፍሬቻውን አብርቶ ቆመ። እስኪጨርሱ ሊጠብቅ ነው። ደሙ ሲሚንቶው ላይ ነበር።

ጠባቂው መጥቶ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቅ ሬይ «ፍሬን የያዝኩ መስሎኝ እግሬ ነዳጁ ላይ ተንሸራተተ» አለ። ጠባቂው ወደ እኔ ዞሮ «እንደዚያ ነው?» አለኝ። ሬይ መሬት መሬት ያይ ነበር፤ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ ምን እንደምል እርግጠኛ ነበር። እኔም «አዎ፣ እንደዚያ ነው» አልኩ። ከኋላችን የነበሩ ሰዎች የቀረጹት ቪዲዮ መኪናችንን ከኋላ ብቻ የሚያሳይ እንደሆነ፣ ውስጥ የተባለውም ነገር እንደማይሰማበት ከመርማሪው ተነግሮኛል። ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። ባላውቅም ዋሽቻለሁ።

ሬይ መጠጥ ጠጥቶ እንደሆነ ለማየት የትንፋሽ ምርመራ እንዲደረግለት ሲወሰድ፣ እኔ እጄና ልብሴ በደም ስለተበከለ እንድታጠብ አንዲት ጠባቂ በመኪናዋ ክሊኒክ አደረሰችኝ። ታጥቤ ስወጣ ይቬት ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሄሊኮፕተሩ እናቷን ይዞ ሄዷል፤ ለእሷ የሚሆን ቦታ አልነበረበትም። በራሷ መኪና ተከትላ እንዳትሄድ፣ ወደ ከተማ የሚያወጣው መንገድ ዳር ድብ ወጥቶ ሰው ሁሉ መኪናውን አቁሞ እያየ ነበር። ጠባቂዎቹ እስኪያስከፍቱላት እንድትጠብቅ ነግረዋታል።

ቀና ብላ አየችኝና «እርስዎ ነዎት አይደል ጭንቅላቷን የያዙት?» አለችኝ።

«አዎ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ይቀመጡ።»

ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ሲያጥቡ ዕድሜያቸውን እንደጨረሱ፣ ከፑዌብሎ ርቀው እንደማያውቁ፣ በመንገድ ላይ ግን እሷን በወሬ እረፍት እንደነሷት ነገረችኝ። «ስንዞር ስንዞር ሰለቻትና አውርጂኝ አለችኝ። እኔ ቦታ እይዝልሻለሁ አለችኝ። እማዬ ሰው ይቆጣል ብላት፣ እኔን ማን ይቆጣኛል አለች።»



«ባለቤትዎስ እንዴት ናቸው?» አለችኝ።

 የተጨነቅሁለት መስሏት እጄን ያዘችው። «ራሳቸውን እንዳይወቅሱ ይንገሯቸው። ማንም ላይ ይደርሳል። እኔ ራሴ አንዴ ፔዳል ተሳስቼ የጎረቤት አጥር ውስጥ ገብቻለሁ። እናቴም ስትነቃ ይህንኑ ነው የምትላቸው። እንዲያውም ትቀልድባቸዋለች።»

ከእግሯ ሥር አንድ ቦርሳ ነበር። ከፍታ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ ፎይል ውስጥ ያሉ ቡሪቶዎች፣ በቂጣ የተጠቀለለ ምግብ ናቸው። እናቷ ጨለማ ሳለ ተነስተው፣ ካረፉበት ቤት ምድጃ ላይ፣ ከአገራቸው ባመጡት የተጠበሰ ቃሪያና በድንች የሠሩት ነው። አንዱን ሰጠችኝ። አልራበኝም አልኳት።

«ይብሉ። ገርጥተዋል። እሷ ሰው ሳይበላ ሲቀር ትናደዳለች» አለችኝ።

ገና ሙቀቱ አልወጣም ነበር። ገለጥኩትና አንድ ጊዜ ጎረስኩ። ሁለተኛ ጎርሼ የቀረውን በእጄ ይዤ ተቀመጥኩ። ይቬት ራሷም አንዱን ይዛ ሳትበላው ወደ በሩ ታያለች። እናቷን የገፋውን ሰው ሚስት ቁርስ እያበላች እንደሆነ አታውቅም ነበር። 

«ይቬት፣ ፔዳል አልተሳሳተም» አልኳት።

አልገባትም። «ምን አሉ?» አለችኝ።

«ባለቤቴ አልተሳሳተም። ስጠጋት ትነሳለች ብሎ ነው። እንዳይሄድ ነግሬው ነበር። አይቷቸዋል። እያያቸው ነው የገፋቸው።»

ትጮህብኛለች ወይም ትመታኛለች ብዬ ነበር፤ ብታደርገውም አልከለክላትም ነበር። እሷ ግን ያልጎረሰችውን ቡሪቶ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ «ፈርታ ነበር?» አለችኝ።

«መጀመሪያ አልፈሩም። ቀልድ መስሏቸው ነበር።»

«በኋላስ?»

«በኋላ ገባቸው።»

እጇን ዘርግታ የጀመርኩትን ቡሪቶ ከእጄ ወሰደችው። ፎይሉን መልሳ ጠቀለለችና ቦርሳው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጠችው። ዚፑን ዘጋች። «ይህን ለፖሊስ ይነግራሉ?» አለችኝ፤ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም።

«አሁን እሄዳለሁ።»

«እንግዲያው ይሂዱ» አለችኝ።

ከክሊኒኩ እስከዚህ ጽሕፈት ቤት የመጣሁት በእግሬ ነው። ከመኪናው በእግር መሄዱ ይፈጥናል። ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት መስኮቷን ዝቅ አድርጋ «ድቡ አሁንም አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላየሁም አልኳት።

ባለቤቴ ሴትዮዋን ለመግደል አስቦ እንደሆነ በመርማሪው ተጠይቄ፣ አይመስለኝም ብያለሁ። እንዲጎዱም የፈለገ አይመስለኝም። እሱ የፈለገው ቦታውን ነው፤ ቦታው ላይ ሰው መኖሩን ያውቅ ነበር፣ ግን እንደ ሰው አልቆጠራቸውም። በሕግ ይህ ምን እንደሚባል አላውቅም።

በእኔና በባለቤቴ መካከል ቂም ወይም የፍቺ ክርክር እንዳለ ተጠይቄ፣ የለም ብያለሁ። መትቶኝ ያውቅ እንደሆነ ተጠይቄ፣ አያውቅም ብያለሁ። በማንም ተገፋፍቼ ወይም ጥቅም ተሰጥቶኝ እንደሆነ ተጠይቄ፣ የተሰጠኝ ነገር ቢኖር ሁለት ጉርሻ ቡሪቶ ነው ብያለሁ። መርማሪው ይህም ይጻፍ ወይ አሉኝ። ይጻፍ አልኩ።

ይህን እየተናገርኩ ሳለ የጽሕፈት ቤቱ ስልክ ጮኸ። መርማሪው አናግረው ሲጨርሱ ብዕራቸውን አስቀመጡ። ወ/ሮ ኮንሱዌሎ ባራጃስ ሆስፒታል እንደደረሱ ሕይወታቸው ማለፉን ነገሩኝ። ከእንግዲህ ጉዳዩ ሌላ መልክ እንደሚይዝ፣ ባለቤቴም የሚጠየቅበት ወንጀል እንደሚከብድ፣ ከፈለግሁ ቃሌን እዚህ ላይ አቁሜ ጠበቃ ማማከር እንደምችል አስረዱኝ። ልጅቷ ሰምታለች ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ገና መንገድ ላይ ናት፣ ከመኪናው ሰልፍ አልወጣችም፣ የሚነግራትም ሰው አልደረሰም አሉኝ። ጥቂት ውሃ ጠጣሁ። ከዚያ ይጻፉ አልኳቸው፤ ቀጠሉ።

ተጨማሪ፦ ቃሌ ተነቦልኝ ከመፈረሜ በፊት ወደ መጸዳጃ ቤት ስወጣ፣ ባለቤቴን ሁለት ጠባቂዎች ይዘውት በኮሪደሩ ሲያልፍ ተገናኘን። እጁ ታስሮ ነበር። ሴትዮዋ መሞታቸውን ሰምቷል። ከንፈሩ ደርቆ ነበር፤ የለበሰው ለሐይቁ ፎቶ ብዬ የተኮስኩለትን ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። ጠባቂዎቹ ለአፍታ እንድንነጋገር ፈቀዱ።

«ግሌንዳ፣ እነዚህ ሰዎች ሆን ብለህ ነው ይሉኛል» አለኝ። «ካንቺ በላይ እኔን የሚያውቅ የለም። አንቺ ንገሪያቸው።»

«ነግሬያቸዋለሁ፣ ሬይ» አልኩት።

መጀመሪያ ደስ አለው። «ተባረኪ» አለኝ። ሁለት እርምጃ ከሄደ በኋላ ነው ዞሮ ፊቴን ያየው።

ይህን ቃል የተናገርኩት በራሴ አፍ፣ ልቦናዬ ሳይታወክ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ነው። መርማሪው አንብበውልኛል፤ ከተናገርኩት ያጎደሉት የለም፣ ያልተናገርኩትንም አልጨመሩብኝም። ጠዋት በመኪና ማቆሚያው የሰጠሁት ቃል ሐሰት ስለሆነ ተሰርዞ ይህ በቦታው እንዲያዝልኝ እጠይቃለሁ። ፍርድ ቤት ቢጠራኝ ባለቤቴ በተቀመጠበት ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ግሌንዳ ኤክስትሮም
ቃሉን የተቀበሉት ፊርማ፦ ዴል ኦክስነር፣ መርማሪ